አንድ ባልዲ፣ አንድ መኪና፣ አርባ ምላስ

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲሉ እንሰማ ነበር። የሶርን ልጅ የመኪና ማጠቢያ ውሃ ቸገረው ሲባል ግን ገና ዛሬ ሰማን!»

ይህችን ከአጥሬ በላይ አንገቱን አስግጎ የወረወረልኝ ከበደሌ ቢራ ጭኖ የገባ የኢሱዙ ሾፌር ነው። እኔ ግቢዬ ውስጥ ባልዲ አስቀምጬ የመኪናዬን በር በጨርቅ እጠርጋለሁ። መቱ ውስጥ ሰው በሩን ዘግቶ ቢያለቅስ የሚሰማው የለም፤ በሩን ከፍቶ መኪና ካጠበ ግን ጉባኤ ይቀመጥበታል።

«ወንድሜ፣» አልኩት፣ «ውሃ በብዛቱ የሚያጥብ ቢሆን ኖሮ መቱ ውስጥ ቆሻሻ መኪና ባልተገኘ!»

ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ጎሬ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ እኛም ጎረቤቷ ነን። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ደጅ የምታድር ኮሮላ ከላይ ሲያዩዋት 7 ካሬ ሜትር ያህል ትሸፍናለች። ይባዛ፤ 14,000 ሊትር! በዓመት 700 ጀሪካን ውሃ ከሰማይ ይወርድባታል፤ ያውም ያለ ደረሰኝ። ይህን ሁሉ ውሃ የጠገበች መኪና ጥቅምት ላይ ዓይን የምትወጋ መሆን ነበረባት። ሄዳችሁ እዩዋት፤ ፓራፋንጎዋ ላይ ጎመን ብትዘሩ ይበቅላል።

«እሱማ ያቆሸሸህ መንገዱ ነው፤ ሰማዩን ምን አድርግ ልትለው ነው?» አለኝ ሾፌሩ።

«ሰማዩና መንገዱ ተዋውለው ነው የሚሠሩት። አንዱ ያጥባል፣ አንዱ ያቆሽሻል፣ ሥራው አያልቅም። የመንግሥት ፕሮጀክት መሰለህ እንዴ? አዎ፣ ይመስላል።»

ሳቀና ሄደ። ኢሱዙው ግን ሲያልፍ አጥሬን በጭቃ ፈርሞበት ነው ያለፈው።

የምንጎሻሸምበት ነገር ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ባልዲ ውስጥ 8 ሊትር ያህል ውሃ ይደረጋል፤ የጀሪካን ግማሽ እንኳን አይሞላም። በሱ ላይ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ ፈሳሽ ጠብ ይደረግበታል። አሜሪካ ውስጥ ስሙ የገነነው ኦፕቲመም ኖ ሪንስ ልኩ አንድ እጅ ለ256 እጅ ውሃ ነው፤ ለባልዲያችን 30 ሚሊ ሊትር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ መሆኑ ነው። የማይክሮፋይበር ጨርቅ ይነከርና መኪናው ክፍል በክፍል ይጠረጋል፤ እያንዳንዱ ክፍል ሳይውል ሳያድር በሌላ ደረቅ ጨርቅ ይደርቃል። መጀመሪያ ጣሪያው፣ ከዚያ መስታወቱ፣ ኮፈኑ፣ በሮቹ፤ የበሮቹ የታችኛው ወገብና ፓራፋንጎው መጨረሻ። ቸርኬ የራሱ ጨርቅ አለው፤ ከሌላው ጋር አይጋራም። ፀሐይ ላይ አይሠራም፣ ቆርቆሮው ትኩስ ሆኖ አይሠራም። አረፋ የለም፣ የውሃ ጎማ የለም፣ ማለቅለቅ የለም።

ሰፈሩን ያስቆጣው እቺ መጨረሻዋ ናት።

«ልጄ፣» አሉኝ ጎረቤቴ እትዬ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ሳሙና ቀብተህ ሳታለቀልቅ? ነገ ድስቴን ብትዋሰኝ እንዲሁ አጥበህ ልትመልስልኝ ነው?»

«እትዬ፣ ለመሆኑ ጀበናዎትን በኦሞ ያጥባሉ?»

«ምን ቆርጦኝ! ቡናው ሳሙና ሳሙና ሊለኝ?»

«እንግዲህ ሁሉም ዕቃ የየራሱ አስተጣጠብ አለው። ይሄም ኦሞ አይደለም።»

«አንተስ ምላስህን በምን ታጥበዋለህ?» ብለውኝ ገቡ። መልስ አላገኘሁላትም፤ እስከ ዛሬም እያሰብኩባት ነው።

የእትዬ ጥያቄ ግን የዋዛ አይደለም። የልብስ ሳሙና ቅባቱን ከነአቧራው ፈልቅቆ ያነሳል፤ ካላለቀለቁት ግን ራሱ ቆሻሻ ሆኖ ይቀራል፤ ደርቆ ነጭ ነጭ ይላል። በዚያ ላይ ቀለሙን የሚጠብቀውን ሰም ይገፈዋል። ይኛው ፈሳሽ ሥራው በአመዛኙ ማንሸራተት ነው። ውስጡ ያሉት ፖሊመሮች የአቧራዋን ቅንጣት ዙሪያዋን ይከቧታል፣ ቀለሙን ሳትቧጥጥ ወደ ጨርቁ ጸጉር ያስገቧታል፤ እዚያው ታድራለች። መኪናው ላይ የሚቀረው እርጥበት ስስ ስለሆነ ደረቁ ጨርቅ ይጨርሰዋል። የሚለቀለቅ ነገር ስለሌለ ነው የማይለቀለቀው።

ይህን ስናገር ባጃጅ ነጂው ጣልቃ ገባ። መቱ ውስጥ የባጃጅ ነጂ ጣልቃ የማይገባበት ነገር የለም፤ በመንገድም በወሬም።

«ታዲያ ይሄን የውጭ ፈሳሽ ከየት አመጣለሁ? ኦሞውን ቀነስ፣ ውሃውን ጨመር ባደርገውስ?»

«ወጥ ውስጥ ናፍጣ ቀነስ አድርገው ቢጨምሩልህ ትበላለህ?»

«እንደ ረሃቤ ነው!»

«እንግዲያው ባጃጅህን ሲርባት አጉርሳት።»

ነገሩን ግን በቀልድ አናልፈው። ፈሳሹ እዚህ ሱቅ ሁሉ አይገኝም፤ ብዙውን ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ነው የሚመጣው። ዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ የሚነዳ፣ አፓርታማ የሚኖር፣ የውሃ ጎማ የሚሰካበት ግቢ የሌለው ወንድም ከኛ ቀድሞ ያወቀዋል። ፈሳሹን ያጣ ሰው ኦሞ ውስጥ ከሚገባ ንጹህ ውሃና ብዙ ንጹህ ጨርቅ ይዞ ቢጠርግ ይሻለዋል፤ ለስስ አቧራ ብቻ፣ እጁን ሳይጫን። ላርጎም ያው ነው፤ መለቀለቅ ይፈልጋል። በረኪና ያለኝም አለ። እሱን ለፈጣሪ ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ተረበኛዬ ልምጣ፤ ወደ ላቫጆው ልጅ። ገበያው የተነካበት ሰው ምላሱ ይሰላል፤ አልፈርድበትም።

«ጋሼ፣ ሰላም ነው? ባልዲ አቅፈው ሲቀመጡ የቤት ኪራይ የተጨመረብዎት ነው የመሰለኝ።»

«ደህና ነኝ።»

«ታዲያ እኛ ምን በድለንዎት ነው?»

«አንተን አይደለም የሸሸሁት፤ ጨርቅህን ነው። ጠዋት ኢሱዙ ጠርጋ፣ ረፋዱ ላይ ባጃጅ ጠርጋ፣ ከሰዓት በኋላ በግ የጫነ ፒክአፕ ጠርጋ፣ ወደኔ ኮፈን ስትመጣ የያዮን፣ የሁሩሙን፣ የአልጌን አሸዋ ይዛ ነው የምትመጣው። የዞን ስብሰባ እንኳን ይህን ያህል ወረዳ አያሰባስብም!»

«እናጥባታለን እኮ!»

«በየትኛው ውሃ? ባልዲው ውስጥ ባለው? ባልዲህ ውስጥ ያለውን ውሃ እኮ ብትበላው በጥርስህ ይንኮሻኮሻል።»

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የዚህ ጥበብ ነፍሱ ጨርቁ ላይ ነው ያለው። አንዷን ጨርቅ ለሁለት እጠፏት፣ እንደገና ለሁለት እጠፏት። ፊትና ጀርባዋን እየገለጣችሁ ብትጠቀሙባት 8 ንጹህ ገጽ አላት። የነከራችኋትን ጨርቅ በሩ ላይ አሳርፉና ክብደቷ ራሱ እንዲሠራ ተዉት፤ መጫን የለም። ከመያዣው ጀምራችሁ ወደ ኋላ በቀጥታ አንድ ጊዜ ብቻ ውሰዷት። ገልጣችሁ እዩዋት፤ ቀይ መስመር ተጋድሞባታል። ያ መስመር የመቱ መንገድ ነው። ያንን ገጽ ዳግም መኪናው ላይ አታሳርፉት፤ ወደሚቀጥለው ገጽ እለፉ። ስምንቱም ሲያልቅ ጨርቋ ወደ ባልዲው አትመለስም፤ ወደ ጎን ትጣላለች፣ ሌላ ንጹህ ጨርቅ ከባልዲው ይወጣል። ለዚህ ነው ባልዲው እስከ መጨረሻው ጠርቶ የሚቆየው፣ 8 ሊትርም የሚበቃው። ለአንድ መኪና ስድስት ሰባት ጨርቅ የሚፈለገውም ለዚሁ ነው። እጃቸውን እንደ ምጣድ አሳሽ እያዞሩ የሚጠርጉ ሰዎች የሠሩትን ነገር ዓርብ ረፋድ ፀሐይ ስትወጣ ያዩታል፤ ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። ጨርቆቹን ስታጥቡ ደግሞ ከጋቢ ጋር አትዘፍዝፏቸው። የጋቢ ጥጥ ይጣበቅባቸዋል፤ በኋላ መኪናዋን ጋቢ ያለበሷት ያስመስላታል።

«ይሄን ሁሉ ጨርቅ ማነው የሚያጥበው?» አለኝ ልጁ።

«እኔ።»

«ስለዚህ መኪና ማጠብ ትተው ጨርቅ ማጠብ ጀመሩ በሉኛ!»

ይቺ አገኘችኝ። ግን እሱም ለጭብጨባ አልቆመም፤ ደንበኛ መጥቶለት ሮጠ።

ጓደኛዬ ከጎሬ መጣ። የጎሬ ሰው መቱ ሲመጣ የሚመጣው ለጉዳይ አይደለም፤ የቆየ ሂሳብ ሊያወራርድ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚለየን፤ ቂሙ ግን ሩቅ ነው የሚሄደው።

«የኢሉባቦርን ዋና ከተማነት በ1970 አካባቢ ወሰዳችሁብን፤ ዝም አልን። አሁን ደግሞ ማለቅለቁንም አስቀራችሁት? ቀጥሎ ምናችንን ልትወስዱ ነው? ጉማችንን?»

«ጉሙን አንነካባችሁም። የመኪናችሁን መልክ ሳናይ የምናልፈው በሱ ነው።»

«እኛ እኮ በ1928 ጃንሆይ ሲሰደዱ የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ የነበርን ነን! የእንግሊዝ ቆንስላ የነበረን!»

«መኪናስ ነበራችሁ?»

«በቅሎ ነበረን። ቡናችን በበቅሎ ጋምቤላ ይወርድ ነበር፣ ከዚያ በባሮ መርከብ ካርቱም ይገባ ነበር።»

«በቅሎዋንስ በምን ታጥቧት ነበር?»

ትንሽ አሰበ። «ጭነቱ ሲወርድላት ደረቅ አፈር ላይ ትንከባለል ነበር።»

«ስለዚህ ሳያለቀልቁ ማጠብን የጀመራችሁት እናንተ ናችሁ። ይሄው፣ አንድ ታሪክ መለስንላችሁ።»

ቡና ጋበዝኩት። በቅሎዋን እያነሳ ሲመርቀኝም ሲረግመኝም ዋለ።

የጎሬው ሰው ግን ሲወጣ አንድ ቁም ነገር ጥሎልኝ ወጣ። ጣቱን ወደ ራሱ መኪና ቀሰረና «ይቺን በባልዲህ እጠባታ!» አለኝ። አየኋት። ከጎማዋ እስከ ስፖኪዮዋ ድረስ በቀይ ጭቃ ተለስናለች፤ ፓራፋንጎዋ ሥር የደረቀው ጭቃ በመዶሻ የሚሰበር ነው። የታርጋዋ ቁጥር የሚነበበው በእምነት ነው።

አላጥብም አልኩት። እዚህ ላይ ከኢንተርኔት ሊቃውንት ጋር እለያያለሁ። ባልዲው የአቧራ መድኃኒት ነው፤ የኢሉባቦር ክረምት ጭቃ መድኃኒት አይደለም። ወፍራም ጭቃ ላይ እርጥብ ጨርቅ የሚጎትት ሰው መኪና እያጠበ ሳይሆን ብርጭቆ ወረቀት እየመታት ነው። ፖሊመርም ቢሆን አቅም አለው፤ ቅንጣት ይከብባል እንጂ ጓል አይከብብም። ጭቃው ሳይነካ መጀመሪያ መርጠብ፣ መለስለስ፣ በራሱ ክብደት መውረድ አለበት። የቀረው ስስ ድር ከሆነ በኋላ ባልዲው ይገባል።

ለዚህ ደግሞ አገራችን መሣሪያ አላት፤ ገበሬው ጀርባው ላይ የሚያዝላት በእጅ የምትገፋ የመድኃኒት መርጫ። ፀረ አረም ያልገባባት አዲስ ትሁን እንጂ ከሷ የተሻለ የለም። አንድ ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያላችሁ ትረጫላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ፣ ደግማችሁ ትረጫላችሁ። ቀዩ ጭቃ መጀመሪያ ይጠቁራል፤ ከዚያ ጠርዙ ይነሳል፤ ቀጥሎ በቁራጭ በቁራጭ ጠብ እያለ ይወርዳል። የቸኮለ ሰው እዚህ ጋ ነው በጥፍሩ የሚጀምረው። አትጀምሩ። የወፍ ኩስም እንዲሁ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁት ትቆያላችሁ እንጂ አትፍቁትም።

መርጫውን አዝዬ መኪናዬን ስረጭ ያየኝ አንድ የቡና ነጋዴ ቆሞ ጠየቀኝ።

«ኧረ ምን ሆና ነው? በሽታ ገባባት እንዴ?»

«አዎ፣ ጎሬ ውላ ነው የመጣችው።»

መርጫ ያዘለ ሰው የሰፈሩን ሕፃናት ሁሉ እንደሚሰበስብ የማያውቅ ካለ ይወቅ። የሚረጨው ግን መኪናው ብቻ እንዲሆን ተጠንቀቁ፤ ሕፃን ልጅ በራሱ ፈቃድ የተረጨ ቢሆንም እናቱ በራሷ ፈቃድ ትመጣለች።

እስከ አሁን ሳቅን። አንድ ተረብ ግን አለች፣ ሁልጊዜ የምታናድደኝ፦ «እኛ አገር እኮ ውሃ ሞልቷል!»

ይህን የሚለኝ ሰው እጁን ሳይ ሁልጊዜ ባዶ ነው። ጀሪካን ይዞ «ውሃ ሞልቷል» ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ሶር ሞልቶ ነው የሚፈሰው፤ እውነት ነው። ወደ ግቢዬ ግን በእግሩ አይመጣም። ቧንቧው ሲሄድ ውሃው የሚመጣው በቢጫ ጀሪካን ነው፤ ጀሪካኑ ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ከሥሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለችው ሴት ናት፣ ወይ ከትምህርት ቤት የተመለሰች ልጅ። በደቂቃ 15 ሊትር የሚያወጣ የውሃ ጎማ 10 ደቂቃ ቢፈስ 150 ሊትር ይሆናል። ሰባት ጀሪካን ተኩል። ለአንዲት ቪትዝ! በሰባት ጀሪካን ተኩል የሠርግ ጠላ ይጠመቃል፤ ቪትዝዋ ደግሞ አታሰክርም።

ይህን ስል አንዱ «አንተ ደግሞ ነገር ታከብዳለህ» አለኝ።

«እኔ አላከበድኩትም። ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ተሸከመውና እይ።»

ዝም አለ። የተረብ ዝምታ ብርቅ ነው፤ እንደ ፀሐይ ነሐሴ ላይ።

የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ወዳጄ ደግሞ ነገሩን በሌላ በኩል መጣበት። «ይሄ የድርቅ አገር ጥበብ ነው። ኬፕታውን በ2010 ውሃ ሊያልቅባት ሲል ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር መድባ፣ በመጠጥ ውሃ መኪና ማጠብ ከልክላ ነበር። እኛ ምን ቤት ነን?»

«እነሱን ድርቅ አስተማራቸው። እኛን ማን ያስተምረን፣ ዝናቡ? ዝናቡማ 14,000 ሊትር እያፈሰሰ አላስተማረንም።»

«አዲስ አበባስ?»

«አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር፣ ውሃ በፈረቃ የሚመጣለት ሰው በባልዲ ቢያጥብ ማንም አይተርበውም። ይፀልይለታል።»

ከዚያ መምህሩ የኤሌክትሪክ መኪና እንደሚገዛ ነገረኝ። መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የማይገዛ የለም፤ በወሬ ደረጃ። «ኮረንቲ በውሃ ይታጠባል እንዴ?» ብሎ ፈርቷል። ይታጠባል። የቻርጅ ክዳኑን ዝጋ፤ የግፊት ማሽኑን ወደዚያ ቀዳዳ አታነጣጥር። ባልዲና ጨርቅ ደግሞ ከዚህ ስጋት ሁሉ ነፃ ናቸው። «መጀመሪያ መኪናውን ግዛ፣ ከዚያ ትፈራለህ» ብዬ ሸኘሁት።

ወደ ወንዙ እንሂድ። ሶር ዳር መኪና አቁሞ ማጠብ ደስ ይላል፤ ውሃው ይሮጣል፣ ጥላ አለ፣ ሰው አለ። መኪናው ግን ጭቃ ብቻ አይደለም የሚለቀው። ከሥሩ ኦሊዮና ግራሶ ይወርዳል፤ ከታጠበ በኋላ ደግሞ ዝገት ይከላከላል እየተባለ ሥሩ በናፍጣ ይረጫል። ያ ሁሉ ወዴት ይሄዳል?

«ጋሼ፣ ወንዝ ሰባት ድንጋይ ካለፈ ይጠራል፣» አለኝ የላቫጆው ልጅ፣ ሲመለስ።

«ናፍጣም ድንጋይ ይቆጥራል?»

«ያው ሄዶ ሄዶ ህዳሴ ግድብ ይገባል። ለልማት ነው!»

«ህዳሴ ግድብ አይገባም። ሶር ገባ የሚባለው ወንዝ ውስጥ ይገባል፤ ገባ ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮ ይሆናል፤ ባሮ በጋምቤላ አልፎ ደቡብ ሱዳን ይሻገራል፤ ከዚያ ነጭ ዓባይ ነው። ህዳሴ ያለው ጥቁር ዓባይ ላይ ነው።»

«እና ነጩን ዓባይ እኛ ነን ያጠቆርነው በሉኛ!»

ሳቅን። ጋምቤላ ያለው ሰው ግን ውሃውን የሚቀዳው ከዚያው ከባሮ ነው፤ የኛን ሳቅ ከነናፍጣው።

አዲስ አበባ በ2017 ወንዝ የሚበክል ሰው የሚቀጣ ደንብ አውጥታለች። እኛ ደንብ እስኪደርሰን መጠበቅ የለብንም። ግቢ ውስጥ በባልዲ የታጠበች መኪና ወደ ወንዝ የምትልከው ነገር የለም፤ ቆሻሻው ጨርቁ ላይ ቀርቷል፣ የባልዲው ትራፊ አትክልት ከሌለበት ጥግ ያለ አፈር ላይ ይደፋል።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ ፊቱ ትንሽ ጠቆረ። «ጋሼ፣ ሁሉም ሰው በባልዲ ካጠበ እኔስ?»

ይህ ተረብ አልነበረም፤ ስለዚህ በተረብ አልመለስኩለትም። የግፊት ማሽኑ ኮረንቲ ይፈልጋል። ከአፍንጫችን ሥር 5 ሜጋ ዋት የምታመነጭ የሶር ጣቢያ ብትኖርም መብራት ሲሄድ አያማክረንም። መብራት በጠፋ ቁጥር እሱ ማሽኑ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይበላል፤ ደንበኛውም ከነአቧራው ይሄዳል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ጭቃ የለም፤ የቡና መኪና የሚያነሳው አቧራ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ባልዲውን አንጠልጥሎ ሆቴል ግቢ፣ ባንክ ግቢ፣ ሆስፒታል ግቢ እየገባ ባለመኪናው ስብሰባ ላይ እያለ አጥቦ ሊጨርስ ይችላል። ማሽን የለ፣ ኪራይ የለ፣ ወረፋ የለ። ክረምት ሲገባ ጭቃው የሱ ነው፤ እኔም ጎሬ ደርሼ ስመለስ ወደሱ ነው የምሄደው፣ ጨርቁን ይቀይርልኝ እንጂ።

«ጨርቁን እኔ ነኝ የማመጣው?»

«አንተ ነህ።»

«ፈሳሹንስ?»

«መጀመሪያ ከኔ ውሰድ።»

አሰበ። ባልዲዬን አነሳት፣ መዘናት፣ ውስጧን አየ፣ አስቀመጣት።

«እሺ ጋሼ፣ ተስማማሁ። ዋጋው ግን ያው የድሮው ነው።»

«እንዴት ያው ይሆናል? ያን ሁሉ ውሃ ሳትጠቀም!»

«ውሃ በብዛቱ አያጥብም ሲሉ ከጠዋት ጀምሮ ሰፈሩን ሲያስተምሩ አልነበር? እስከ ዛሬ የከፈሉኝ ለውሃው ነበር እንዴ?»

የኢሱዙው ሾፌር ባዶ ጠርሙሱን ጭኖ እየተመለሰ ነበር። ሰምቶ ኖሮ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጮኸ፦ «ክፈለው እንጂ! ደረሰኝም አትጠይቀው!»